ሰውዬው ውሃ አይጠጣም

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ሞተርን ሁሉ «ሰውዬው» ነበር የሚለው። የባጃጅ ይሁን፣ የአይሱዙ ይሁን፣ የወፍጮ ይሁን፣ ለእሱ ሰውዬው ነው። «ሰውዬው ዛሬ አልነሳም አለ።» «ሰውዬው ያስለዋል።» «ሰውዬውን ነገ መጥታችሁ ውሰዱት።» ይህቺን ተራ ነገር በአሥራ አንድ ዓመቴ ባውቅ ኖሮ አባቴ ዛሬም ጅግጅጋ ቁጭ ብሎ ልብስ ይሰፋ ነበር። አላወቅኩም። ማን ነግሮኝ?

አባቴ ሪድዋን በጎረምሳነቱ ከኮምቦልቻ መጥቶ ጅግጅጋ የቀረ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ኢስራ እዚያው ተወልጄ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ላይ ሶማሊኛ እያወራሁ አደግኩ። አባቴ ከስፌት መኪናው ሌላ አንድ የሚሳሳለት ዕቃ ነበረው፤ ከእናቴ ዕድሜ የሚበልጥ፣ ሰማያዊ ቀለሙ የተላላጠ ቮልስ። ከአንድ ጡረተኛ መምህር ነው የገዛው። በመንደሩ ሲያልፍ ልጆቹ «ዲን! ዲን!» እያሉ ይከተሉታል። ዲን በሶማሊኛ ኤሊም ነው፣ ሃይማኖትም ነው። አባቴ በመስኮት ብቅ ይልና «ሃይማኖቴን ስለጠራችሁልኝ አላህ ይስጥልኝ!» ይላቸዋል፤ እነሱ በሳቅ ይፈርሳሉ። እናቴ ግን አትስቅም። «ሽጠውና እንረፍ፤ ከሚሄድበት ቀን የሚቆምበት ይበዛል» ትለዋለች። አባቴ የሰማ አይመስልም።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ረመዳን ነው፤ ግንቦት ላይ ነበር የዋለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን የጾምኩት ያን ዓመት ስለሆነ፣ አቤት የነበረኝ ጉራ! የሰፈሩ ጾም ጠባቂ እኔ ነበርኩ። ማን በድብቅ ውሃ ቀመሰ፣ ማን ሰው አማ፣ ማን ዋሸ፣ ሁሉን እከታተላለሁ። መድረሳ ውስጥ ኡስታዛችን «ጾም ከምግብ ብቻ አይደለም፤ ምላሳችሁም ይጹም» ስላለን፣ ለቀልድ እንኳ አልዋሽም ብዬ ከራሴ ጋር ተማምዬ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ቤንዚን ጠፍቷል። ማደያዎቹ በራፍ ላይ ገመድ ተወጥሮ፣ ባጃጆች ተሰልፈው ይውላሉ። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ዋበሪ የሚባል ሰው ቤንዚን በሃይላንድ ፕላስቲክ እየቀዳ ይቸረችር ነበር። አንድ ቀን አባቴን ጠርቶ ሁለት ጀሪካን አሳየው።

«ሪድዋን፣ ይሄ እንደሌላው አይደለም። አንድ ሹፌር ከመሃል አገር ያመጣልኝ ነው፣ ወላሂ። ኦክቴኑ ከፍ ያለ ነው።»

«ኦክቴን ደግሞ ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ከፍ ያለ ነው አልኩህ፣ ከፍ ያለ ነው!»

አባቴ እየሳቀ ሁለቱንም ጀሪካን ቮልሱ ውስጥ አስገለበጠ። እኔ ኦክቴን ማለት ሹመት ይመስለኝ ነበር፤ ከፍ ያለ ኦክቴን፣ ዝቅ ያለ ኦክቴን። ለብዙ ጊዜ ቮልሳችን በማዕረጉ ከሌላው መኪና የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ መኪናው ማሳል ጀመረ። ቀትር ላይ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። አባቴም ወደ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ጋራዥ ወሰደው። እናቴ የሱቁን ቁልፍ ይዞባት ስለሄደ «ሩጪ፣ ተቀብለሽው ነይ» ብላ ላከችኝ።

ጋራዡ በአሮጌ ቆርቆሮ የታጠረ ነው። በሩ ላይ አንድ የማልወደው ውሻ ስለነበር፣ አባቴን በአጥሩ ቀዳዳ ልጠራው ብዬ ዓይኔን ደቀንኩ። አባቴ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይዟል። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ አንድ የሃይላንድ ፕላስቲክ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ያያል። ውስጡ ቢጫ ፈሳሽ አለ። ሚስቱ እትዬ ቀለምወርቅ እጇን በጉርድ ቀሚሷ እየጠረገች ቆማለች። እንደ ተራ ቤንዚን ያልሆነ፣ ስለት ያለው፣ ጣፋጭ መሳይ ሽታ በቀዳዳው መጥቶ አፍንጫዬን ወጋኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት እናቴ ስኳር አለባት ተብሎ ክሊኒክ ሄደን ነበር። በትንሽ ዕቃ ሽንቷን ሰጥታ፣ የላብራቶሪው ሠራተኛ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ሲያየው እኔም አይቻለሁ። እንግዲህ ቢጫ ፈሳሽ፣ ወደ ብርሃን የሚመለከት ሰው፣ ጭንቅላቱን የያዘ አባት። ልጅ ነኝ፤ ደመርኩት፤ የአባቴ ሽንት ነው።

«ይኸው፣ አልኮል አለበት» አለ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ። «በደንብ ነው ያለበት!»

እትዬ ቀለምወርቅ «ምን ሆኖ ነው እሱ?» አለችው።

«ምን ይሆናል! ሰውዬው ውሃ እንኳ የማይጠጣ፣ አልኮል ተግቷላ! በዚህ ዕድሜው ይችለዋል እንዴ? ውስጡን እየበላው ነው። ጉሮሮው ላልቷል። ትኩሳቱን ብትነኪው እጅሽን ትተዪዋለሽ።»

«በረመዳን?» አለችና እትዬ ቀለምወርቅ ሳቋን ለቀቀችው። «አይ ሰውዬው! አያፍርም?»

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስም ሳቀ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ ሳቁን ተወው። «ሪድዋን፣ ቀልዱን ትተን፣ ከከተማ እንዳትወጣ። ካራማራን እንዳታስባት። ለጊዜው አስሬ ሰድጄዋለሁ እንጂ ደህናው ከድሬዳዋ እስኪመጣ ድረስ አላምነውም።»

አባቴ ቀና አለ። «ለባለቤቴ እንዳትነግሯት ብቻ። ከሰማች አለቀልኝ።»

ቁልፉን ሳልቀበል ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ «ቁልፉስ?» ስትለኝ «አላገኘሁትም» አልኳት። ጾሜን በዚያ ውሸት እንዳበላሸሁት ትዝ ያለኝ ማታ ነው።

አሁን ላስተካክለው። ሰውዬው ቮልሱ ነው። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በነፋስ ብቻ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ለዚህ ነው ውሃ የማይጠጣው። በፕላስቲኩ ውስጥ የነበረው ቢጫ ነገር ከዋበሪ የተገዛው ቤንዚን ነው። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ውሃ ጨምሮ ናጠው፤ አልኮል ካለ ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ ከታች ያለው ውሃ የበዛ ይመስላል። ቤንዚን ውስጥ ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚወጣ አልኮል ይቀላቀላል፤ ኢታኖል ነው የሚሉት። ኦክቴኑ ከፍ የሚለውም በእሱ ነው። ለአዲስ መኪና አይከፋም። የድሮ ሞተር ግን ከፍ ያለ ኦክቴን ምን ያደርግለታል? ዝቅ ባለው ነው የተሠራው። አልኮሉ ደግሞ የድሮውን የቤንዚን ጎማ ቱቦ ያላላል፣ ሞተሩን ከልኩ በላይ ያግላል፤ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ «ጉሮሮ» ያለውና ያሰረው ያንን ቱቦ ነው። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር በግንቦት ፀሐይ፣ ዳገት ላይ፣ ነፋሱ ራሱ ትኩስ ሲሆን ምን ይውጠዋል? ይህን ሁሉ አሁን አውቃለሁ። አሁን ማወቄ ለማን ይጠቅማል?

ያን ቀን ማፍጠሪያ ላይ ከአባቴ አጠገብ ሆን ብዬ ተቀመጥኩ። ቴምር ሲያቀብለኝ እጁን አሸተትኩት። ያው ሽታ! ጣፋጭ መሳይ፣ ስለት ያለው። በዕድሜዬ መጠጥ አሽትቼ ስለማላውቅ፣ መጠጥ ማለት ይህ ነው ብዬ ያዝኩት። ቴምሩን ከምንጣፉ ሥር ደበቅኩት።

በማግስቱ ለሆዶ ነገርኳት። ሆዶ የጎረቤታችን የአዴር ሻርማርኬና የኤዶ ዴቃ ልጅ ናት፤ አዴርና ኤዶ በሶማሊኛ አጎትና አክስት እንደማለት ነው፣ ጎረቤትን በስሙ ብቻ አንጠራም። ቤታቸውና ቤታችን አንድ አጥር ነው የሚለየው። ኤዶ ዴቃ ከእናቴ ጋር ሻይ ተበዳድራ፣ ስኳር ተበዳድራ የምትኖር፣ ስትስቅ ሰፈሩ የሚሰማት ሴት ነበረች። ያኔ እርጉዝ ናት። ሆዶን ጥግ ወስጄ «ለማንም አልናገርም በይ፣ ወላሂ በይ» አልኳት። «ወላሂ» አለች። «አባቴ ይጠጣል» አልኳት። ሁለታችንም ተቃቅፈን አለቀስን።

በአራተኛው ቀን፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ፣ ኤዶ ዴቃን ምጥ ጠናባት። ሐኪም ጋ ወስደዋት «እዚህ አትወልድም፣ ቶሎ ሐረር አድርሷት» ተብሎ መመለሳቸው ነው። አምቡላንስ ወጥቷል። መኪና ያላቸው ቤንዚን የላቸውም። ሙሉ ቤንዚን ያለው አንድ መኪና የአባቴ ቮልስ ብቻ ነው።

አዴር ሻርማርኬ ጫማ ሳያደርግ መጣ። ትልቅ ሰው፣ ኩሩ ሰው ነበር፤ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«ሪድዋን! ወንድሜ! ዴቃ ልትሞትብኝ ነው!»

አባቴ ቁልፉን ከምስማሩ አወረደ። አወረደና ቆመ። እጁ ሲንቀጠቀጥ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አያለሁ።

«ሻርማርኬ፣ መኪናው እኮ…»

«መኪናው ምን?»

«ዳገቱን…»

«ሪድዋን፣ በአላህ! ይሄዳል አይሄድም?»

አባቴ ወደ ኤዶ ዴቃ አየ። ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ግድግዳውን ይዛ ትቃትታለች። «ይሄዳል» አለ።

ሐረር ለመድረስ የካራማራን ተራራ መውጣት የግድ ነው። እኔ ከመጋረጃው ወጥቼ «ጠጥቷል፣ አትሂዱ!» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ዘጋሁት። ስንት ዓመት በዚህ ተቃጠልኩ መሰላችሁ! ያኔ ብጮህ ኖሮ፣ አባቴ «የምን መጠጥ? መኪናው ነው እንጂ!» ይለኝ ነበር፤ አዴር ሻርማርኬም ይሰማ ነበር፤ ነገሩ እዚያው ደጃችን ላይ ይጠራ ነበር። እኔ ዝም ማለት በነበረብኝ ቀን ተናግሬ፣ መናገር በነበረብኝ ቀን ዝም ያልኩ ሰው ነኝ።

ኤዶ ዴቃን የኋላ ወንበር ላይ አስተኟት፤ ሞተሩ አናት ላይ ማለት ነው። አዴር ሻርማርኬ ከፊት ገባ። ካራማራ አጋማሽ ላይ መኪናው ይዘል፣ ይንተፋተፍ ጀመር። አባቴ መሪውን ይዞ ያልበዋል፤ ውስጡን ያ ሽታ ሞላው። ከዚያ የታሰረው ቱቦ ለቀቀና ቤንዚኑ በጋለው ሞተር ላይ ፈስሶ ተቀጣጠለ። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያለው፤ ከኋላ የተኛን ሰው ለማውጣት የፊቱን ወንበር ማጠፍ ይፈልጋል። አባቴ እሳቱ ውስጥ ሁለት እጁን ሰዶ ጎትቶ አወጣት። መንገደኛ መኪና ጭኖ ሐረር አደረሳቸው። ኤዶ ዴቃ ማታውን ሞተች፤ ልጁም ከሆዷ ሳይወጣ። አላህ ይርሐማት።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አዴር ሻርማርኬ አባቴን አልጠላውም። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ። ለቀስተኛው ፊት «ከአላህ ነው። ሪድዋን እጁን አቃጥሎ ነው ያወጣልኝ» ብሎ ተናግሯል። ሽማግሌዎቹም ነገሩን በይቅርታ ለመዝጋት ቀን ቆርጠው ነበር። ሆዶ ግን እናቷ የሞተችባት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ምሥጢር የሚይዝ አንጀት ከየት ታምጣ? ለአባቷ ነገረችው።

በሳምንቱ ጠዋት እነ አዴር ሻርማርኬ ግቢ ምንጣፍ ተነጥፎ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። አባቴ ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። ዋበሪም አለ። ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ የለም፤ እሳቱ በተነሳ በሦስተኛው ቀን ጋራዡን ዘግቶ ሚስቱን ይዞ ከከተማው ወጥቷል። ሐጂ ማሃሙድ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ጠሩኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ራሴን ዳሰሱኝ።

«አትፍሪ፣ ልጄ። ትጾሚያለሽ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ። ጾመኛ ሰው እውነት ይናገራል። ጋራዥ ውስጥ ምን ሰማሽ?»

እውነት ልናገር ነው ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ኩራት ነበረኝ፤ ይህን ስናገር ዛሬም ጉንጬን ያቃጥለኛል። «ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ አልኮል አለበት አለ። ሰውዬው ውሃ አይጠጣም፣ አልኮል ግን ጠጥቷል አለ። ለአባቴ ደግሞ ከከተማ እንዳትወጣ፣ ካራማራን እንዳታስባት አለው። አባቴ ለባለቤቴ እንዳትነግሯት አለ።»

 አባቴ መጀመሪያ የገባው አይመስልም ነበር። ከዚያ ፊቱ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ።

«ሐጂ፣ እሱ እኮ ስለ መኪናው ነው። ሰውዬው የሚለው ሞተሩን ነው። ቤንዚኑ ነው አልኮል ያለበት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። «መኪናው ነው የሰከረው?» አለ። ሌሎችም ሳቁ፤ የለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው።

ዋበሪ ብድግ አለ። «ዋሪያ፣ ሪድዋን! እኔ ኸምር ነው የምሸጠው? በረመዳን? ቤንዚን ውስጥ ኸምር ሲገባ ማን አይቶ ያውቃል? የራስህን ኃጢአት በእኔ ላይ ልትለጥፍ ነው?»

አዴር ሻርማርኬ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሊነግረኝ ፈልጎ ያልነገረኝ ነገር ነበር። መኪናው ውስጥም ሽታ ነበር። እኔ ሽታውን አላወቅኩትም ነበር። አሁን አወቅኩት።»

ሐጂ ማሃሙድ አባቴን አዩት። «ሪድዋን፣ ልጅህ ዋሽታለች ነው የምትለኝ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። መቼም የማልረሳው አስተያየት ነው። ቁጣ አልነበረበትም። «ልጄ አትዋሽም» አለ። «የሰማችውን ነው የተናገረችው።»

ሰዎቹ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ያዙ። እኔም እሱን ብቻ ያዝኩ። ስለ ቤንዚኑ የተናገረውን፣ እንደ ሳቁት ሰዎች ሁሉ፣ የሰካራም ማመካኛ ነው ብዬ አለፍኩት። አዴር ሻርማርኬ ይቅርታውን ከለከለን። ለዒድ እዚያ ሰፈር አልዋልንም።

ሽንሌ ሄድን። እናቴ የምታውቃት አንዲት ሴት ነበረች፤ በእሷ አማካይነት መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ከፈትን። የአባቴ ጣቶች ተጣብቀው፣ ተኮማትረው ቀሩ። ልብስ ሰፊ መርፌ መያዝ ካልቻለ ምኑ ልብስ ሰፊ ነው? ስፌት መኪናውን ሸጥነው። እሱ በሱቁ ደጅ ወንበር ላይ ይውላል፤ ሰው ሲመጣ በመዳፉ ዕቃ ያቀብላል። ወሬው ከጅግጅጋ ተከትሎን መጥቶ ነበርና መስጊድ ሲገባ መጨረሻው ሰልፍ ላይ ነው የሚቆመው። ማንም ወደፊት ና አላለውም።

ቤት ውስጥ ነገሩ አይነሳም። እናቴ አንድ ቀን ልታነሳው ስትል አባቴ «ተይ፣ ልጅቱ ላይ እንዳታነሺባት። ስታድግ ሁሉም ይገባታል» ሲላት ሰምቻለሁ። እኔ ይህንንም ወደዚያው ተርጉሜ ያዝኩት፤ ስታድግ ይገባታል ማለት፣ ስታድግ መጠጥ ምን እንደሆነ ይገባታል ማለት ነው ብዬ።

አዎ፣ ጠላሁት። ምን ላድርግ? በእሱ መጠጥ ኤዶ ዴቃ ሞተች፣ ሆዶን አጣሁ፣ እናቴ በሽንሌ ሐሩር ከሰለች። ጠዋት እጁን መሳም ተውኩ። ሲጠራኝ ጎኔን ሰጥቼው እቆማለሁ፤ ትንፋሹን ለማሽተት ብቻ አፉ ድረስ ጠጋ እላለሁ። በአሥራ አራት ዓመቴ አልጋው ሥር አንድ ትንሽ ጠርሙስ አገኘሁ። ከፍቼ አሸተትኩ፤ አልኮል! አገኘሁት ብዬ ደጅ አውጥቼ ደፋሁት። የእጁ ቆዳ ሲሰነጣጠቅ የሚጠርግበት ስፒርት ነበር፤ ክሊኒክ የሰጡት። አባቴ ባዶውን ጠርሙስ አይቶ «ተደፋ እንዴ? አይ፣ ግድ የለም» አለ። ያን ሰሞን እጁ ቆስሎ ከረመ።

እናቴ በ2016 በስኳሯ ሞተች። ከዚያ በኋላ ሁለታችን ብቻ ቀረን፤ በቀን አሥር ቃል የማንነጋገር ሁለት ሰዎች።

ዘንድሮ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ከሁለት ሳምንት በፊት ለከብት ክትባት ዘመቻ መዝጋቢ ሆኜ ኤረር ሄድኩ። ማክሰኞ ዕለት የተሳፈርንበት ላንድክሩዘር ሞቆ ቆመ። ሹፌሩ አስገፍቶ አንድ ዛፍ ሥር ያለ ጋራዥ አስገባው። ፀጉሩ የነጣ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ አየና «ይሄ ሰውዬ ውሃ በጣም ይጠጣል» አለ።

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ስሜን እስክነግረው አላወቀኝም። ሲያውቀኝ እጁ ላይ የነበረው መፍቻ ወደቀ። ሁሉንም ነገረኝ፤ ፕላስቲኩን፣ አልኮሉን፣ ቱቦውን። «ለምን ሄድክ?» አልኩት። «ፈራሁ» አለ። «ቱቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እንግዳ አገር ነኝ፣ ሰው ሞቷል። እነሱ ይቅር ይባባላሉ ብዬ ነበር፣ በጌታ! ስለ አባትሽ የተባለውን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።»

«ከሁለት ዓመት በኋላስ ለምን አልመጣህም?»

መፍቻውን ከመሬት አንስቶ ወደ ላንድክሩዘሩ ተመለሰ። ሐጂ ማሃሙድ ሞተዋል፤ አዴር ሻርማርኬ ልጆቹን ይዞ አገር ለቋል፤ ዋበሪ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የአባቴን ስም ላጥበው ብል የማጥብበት ሰው አልቀረም። አንድ ሰው ቀርቷል፤ እሱ ራሱ። ቢያንስ እሱ ይረፍ ብዬ ሐሙስ ዕለት ሽንሌ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ነው። በሱቁ ደጅ፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጧል። እግሩ ሥር ተንበረከክሁና የተኮማተሩ እጆቹን ይዤ ሳምኳቸው። ደነገጠ፤ ስንት ዓመቱ!

«አባ፣ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስን አገኘሁት። ሰውዬው መኪናው ነበር። ሁሉንም ነገረኝ።»

አባቴ ፈገግ አለ። ከልቡ ነው ፈገግ ያለው። «ታዲያስ! አለ እንዴ እሱ? እንዲያ ነው ቋንቋው። ማን መስሎሽ ነበር?»

ፊቴን እጆቹ ላይ ደፋሁ።

ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ሄደ።

«ኢስራ፣ ማን መስሎሽ ነበር?»

«አባ፣ አፉ በለኝ።»

«እዚያው አንቺ ፊት ተናግሬ የለም? ቤንዚኑ ነው አላልኩም?»

«ሰዎቹ ሳቁ፣ አባ። ልጅ ነበርኩ።»

«ልጅ ነበርሽ» አለ። ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን ከድሮም ይቅር ብሎታል። «እሺ፣ ልጅ ነበርሽ። እስከ መቼ?»

መዋሸት ነበረብኝ። በሕይወቴ መዋሸት የነበረብኝ አንድ ቀን ቢኖር ያ ቀን ነበር።

«እስከ ማክሰኞ» አልኩት።

አባቴ እጆቹን ከእጄ አወጣ። ቀስ ብሎ፣ እንዳይከፋኝ አድርጎ ነው ያወጣቸው። ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። «እናትሽ ስትሞት» አለ፣ «ግድ የለም፣ ኢስራ ታውቃለች ብዬ ነበር። ሰው የፈለገውን ይበል፣ ቤቴ ውስጥ የሚያውቀኝ አለ ብዬ ነበር።»  ተነስቶ ገባ።

ይኸው ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። አልተቆጣኝም፤ ሰላምታዬን ይመልሳል፤ የሠራሁትን ይበላል። ብቻ ላናግረው ጠጋ ስል ወንበሩን ትንሽ ፈቀቅ ያደርግና አፉን በፎጣው ጫፍ ይሸፍናል። «አባ፣ ተው፣ አውርደው» እለዋለሁ። አያወርደውም።